ያረጀ ፈረስ በአደራ ይቀመጣል እንጂ አይዋስም

ጥያቄ፦ «ካዛንችስ ነበር የምኖረው፤ ሰፈሩ ሲነሳ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። አንድ የ21 ዓመት ዳማ ፈረስ አለኝ፤ የተኮላሸ ሰንጋ ነው። አባቴ ትቶልኝ ያረፈው ነው። አሁን ጃን ሜዳ አካባቢ ጋጣ ተከራይቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ቦታውን እስከ ኅዳር መጨረሻ ልቀቅ ተብያለሁ። በነጻ ለሚይዝልኝ ሰው ላውሰው ብዬ ከጥር ጀምሮ ሦስት ቦታ ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ሰው ጥምቀት ሲያልፍ መለሰው። ሁለተኛው ጋ ሁለት ወር ቆይቶ አጥንቱ ወጥቶ መጣ። ሦስተኛው ‹ጥርሱን አይቻለሁ፣ አልፈልግም› አለኝ። ፈረሱ ጨዋ ነው፤ ሕፃን ይጋልበዋል። ስላረጀ ብዙ አይበላም። ሣር ያለበት ገጠር ቢሄድ ራሱን ችሎ ይኖራል። በነጻ እየሰጠሁ ለምን ሰው አጣሁ? ታማኝ ሰውስ የት ነው የሚገኘው?»

ምላሽ፦ ሰው ያጡት ታማኝ ሰው ስለጠፋ ብቻ አይደለም። የሚሰጡትና የሚጠይቁት ነገር አልተገናኘም። «ላውስ» ይላሉ፤ የሚጠይቁት ግን አደራ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ለየብቻ ነው የሚያያቸው። የተዋሰ ሰው በዕቃው ይጠቀምበታል፣ ከዚያ ይመልሳል። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ለባለቤቱ ብሎ ነው። መጥረቢያ እንዋሳለን፤ ወርቅ በአደራ እናስቀምጣለን። የ21 ዓመት ፈረስ ከወርቁ ወገን ነው፤ ያውም በየቀኑ የሚበላ ወርቅ።

ገበሬ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በደጋው አገር ከብትን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማስረባት የቆየ ልማድ ነው፤ ሪቢ ይሉታል። ባለቤቱ ላሟን ይሰጣል፣ ተቀባዩ ይቀልባል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ሁለቱም ይጠቀማሉ፣ ስለዚህ ይዘልቃል። የእርስዎ ሰንጋ አይወልድም። ጭነትም ጋሪም ከአቅሙ በላይ ነው። ያረጀ በሬ እንኳ አድልበው ለቄራ ይሸጡታል። ፈረስ ግን በእኛ አገር ሥጋው አይበላም፤ መሥራት ያቆመ ቀን ዋጋው አብሮ ያልቃል። በከተማችን ዳርቻ ያረጁ የጋሪ ፈረሶች አስፋልት ዳር ተጥለው የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቶቹ ሁሉ ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም። መቀለቡን አልቻሉም፣ መግደሉንም አልደፈሩም።

ስለዚህ ያረጀ ፈረስ በነጻ የሚቀበል ሰው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የእውነት ፈረስ ይወዳል፣ ወይ ከፈረሱ የሚያወጣው ጥቅም ታይቶታል። እንደ እኔ የእንስሳት ሐኪምነት ልምድ ሁለተኛው እጅግ ይበዛል። የመጀመሪያው ሰውዎ ጥምቀት ሲያልፍ መመለሱም ከዚሁ ይመጣል። ጥርና የካቲት ፈረስ የሚፈለግበት ሰሞን ነው። ጥምቀት አለ፣ ሰርግ አለ፣ የካቲት 23 የአድዋ በዓል አለ። በዚያ ሰሞን ፈረስ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው በቀይ ከፈይ ያጌጠ ፈረስ ነው። በበዓሉ ማግስት ጌጡ ይወልቃል፤ የሚበላው አፍ ግን ይቀራል።

አሁን «ስላረጀ ብዙ አይበላም» ወደሚለው ልምጣ። ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ፈረስዎን ሊገድለው የሚችል ሐሳብ ነውና።

የፈረስ ጥርስ እንደ እኛ ጥርስ አንዴ በቅሎ የሚቆም አይደለም። በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከድድ ይወጣል፤ በማኘክ ደግሞ ያንኑ ያህል ይፋቃል። ዕድሜው 20ን ሲያልፍ ከሥር የሚወጣው እያለቀ ይሄዳል። አንዳንዱ ጥርስ ይላላል፣ አንዳንዱ ይወድቃል፣ ከፊት ለፊቱ ያለው የሚፋቅበት ስላጣ ይረዝማል። ሌላም አለ። የፈረስ የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋል። ስለዚህ የላይኞቹ ጥርሶች በጉንጭ በኩል፣ የታችኞቹ በምላስ በኩል ሹል ጠርዝ ያበጃሉ። ይህ ጠርዝ በሞረድ ካልተስተካከለ ፈረሱ ባኘከ ቁጥር ጉንጩንና ምላሱን ይቆርጠዋል።

ባለፈው ዓመት አንዲት የ24 ዓመት ባዝራ ለማየት ሄጄ ነበር። ባለቤቷ «ዶክተር፣ እርጅና ነው፤ ምግብ ጠልታለች» አለኝ። ግርግሙ ሥር ጎንበስ አልኩና መሬቱን አየሁ። ጣት የሚያህል፣ እርጥብ፣ ጥቅልል ያለ ድርቆሽ ወድቋል። አንዱን አንስቼ በእጄ ፈታሁት። ሣሩ አልደቀቀም፤ ከነርዝመቱ ነው። ባዝራዋ ምግብ አልጠላችም። ማኘክ አቅቷት በአፏ እየጠቀለለች ትተፋው ነበር። ጥርሷን አስተካክለን የተነከረ መኖ ጀመርን፤ በአሥር ሳምንት ውስጥ ጎኗ ሞላ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሰው ከመውቀስዎ በፊት የፈረሱን አፍ ያስከፍቱ። አስርቦት ሊሆን ይችላል። ሳያስርበውም ሊሆን ይችላል፤ ከፊቱ ድርቆሽ ተቆልሎ የሚከሳ ያረጀ ፈረስ ብዙ አይቻለሁ። እርጅና ብቻውን ፈረስን አጥንቱ እስኪወጣ አያከሳም። ከኋላው ጥርስ አለ፣ የሆድ ትል አለ፣ ሕመም አለ። በበጋ የማይረግፍ ረጅም ጠጉር ካበቀለ ደግሞ ኩሺንግ የሚባለውን ያረጁ ፈረሶች የሆርሞን በሽታ መጠርጠር ነው። ሦስተኛው ሰው ጥርሱን አይቶ እምቢ ማለቱ ቅር ሊያሰኝዎ አይገባም፤ ከሦስቱ ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው።

ያረጀ ፈረስ ቀለቡ በመጠን ላይበዛ ይችላል፤ በዓይነትና በድካም ግን ይበዛል። ምን ያህል እንደሚፈልግ በግምት አይናገሩ፤ ይለኩት። የልብስ ሰፊ ሜትር ስለማይበቃ ሲባጎ ይውሰዱ። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን አስረው ሲባጎው ላይ ቋጠሮ ያብጁ፣ ከዚያ ሲባጎውን ከጫፉ እስከ ቋጠሮው በሳንቲ ሜትር ይለኩ። ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ያለውን ርዝመትም እንዲሁ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ11,880 ያካፍሉ። የሚያገኙት በኪሎ ነው። ዙሪያው 160፣ ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 323 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለዚህ ፈረስ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። በቀን 6 ኪሎ ብለን ብናሰላ በዓመት 22 ኩንታል ድርቆሽ ያህል ይሆናል። «ብዙ አይበላም» ብለው ለተቀባዩ የነገሩት ይህን ነው። እሱም አምኖ ወሰደ፤ በሁለተኛው ወር እውነቱን አየ።

ጥርሱ ካለቀ ደግሞ ድርቆሹ ራሱ ተከትፎ መነከር አለበት። ፉሩሽካ፣ የተፈጨ ገብስ፣ ትንሽ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው) በውኃ ርሶ እንደ ገንፎ ላላ ብሎ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየተከፋፈለ ይሰጠዋል። ፉሩሽካ ብቻውን አይበቃም። ፎስፈረሱ በጣም ስለሚበዛ ውሎ አድሮ የአጥንቱን ካልሲየም ያሟጥጠዋል። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ወይም ለመኖ የሚሆን ኖራ ይቀላቀልበት። የጤፍ ጭድ ለዚህ ፈረስ አይሆንም። ሳይታኘክ ወርዶ አንጀቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ የሆድ ቁርጠት ያመጣል፤ ብዙ ያረጁ ፈረሶችን የቀበርነው በዚህ ነው። ይህን ሁሉ በየቀኑ የሚያደርግ ሰው ሥራ እየሠራ ነው። ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል።

«ገጠር ቢሄድ ራሱን ችሎ ይኖራል» የሚለውም ከከተማ ሆኖ ሲታይ ብቻ ነው የሚያምረው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሣሩ እውነትም ያምራል። ሰኔ ላይ ይሂዱና ይዩት። የወል ግጦሹ ተልጧል፣ ጉልበት ያላቸው ፈረሶችና በሬዎች ቀድመው ይበላሉ፤ ያረጀው ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሐምሌና ነሐሴ የሱሉልታና የእንጦጦ ጀርባ ብርድ ሥጋ የሌለውን ፈረስ ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ ጅብ አለ። ጉልበቱ የታመመ፣ መሮጥ የማይችል፣ ሌሊት ሜዳ ላይ የታሰረ ፈረስ ለጅብ የተዘጋጀ እራት ነው። ጋጣ የሌለው ሰው ምንም ያህል ደግ ቢሆን ፈረስዎን አይስጡት።

አቅጣጫም ይመረጣል። ወደ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ የሚወርደው መስመር የጋሪ አገር ነው። እዚያ ፈረስ ሁሉ ለሥራ ይታያል፤ የእርስዎም መጀመሪያ የሚታየው በዚያው ዓይን ነው። በተጨማሪም በእነዚያ ከተሞች የጋሪ ፈረሶች ላይ በፈንገስ የሚመጣ፣ እግርና አንገትን ተከትሎ በእጢ በእጢ እየፈነዳ የሚወርድ የቆዳ በሽታ በብዛት አለ። በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል፤ ሕክምናው አድካሚ ነው። ላረጀ ፈረስ የምመርጠው ደጋውን ነው፦ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ። ከአራት ኪሎ ተነስተው ደርሰው ለምሳ የሚመለሱበት ርቀት ይሁን። በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚጎበኙት ፈረስ የእርስዎ መሆኑ ይረሳል።

መሀል ከተማ ላይ መፍትሔ አይፈልጉ። ባልደራስ ማለት የንጉሡ ፈረሶች ኃላፊ ማለት ነበር፤ ዛሬ ባልደራስ ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው ኮንዶሚኒየሙ ነው። ግቢ የነበራቸው ሰፈሮች እየተነሱ ነው። አንድ ወዳጅ ጓሮውን ለሦስት ወር ሊሰጥዎ ይችላል፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን አሁን ያሉበት ቦታ ላይ ተመልሰው ይገኛሉ፤ ፈረሱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዝውውር ይደርስበታል። ላረጀ ፈረስ ዝውውር ቀላል ነገር አይደለም። የሚያውቀውን ጓደኛ፣ ውኃና ሰዓት ባጣ ቁጥር ይከሳል።

«ሕፃን ይጋልበዋል» ያሉት ትልቅ ነጥብ ነው፤ በእርግጥም እንዲህ ዓይነት ጨዋ ፈረስ ለጀማሪ ልጆች ወርቅ ነው። ስለዚህ የፈረስ ግልቢያ የሚያስተምር ቦታ ሊቀበለው ይችላል፣ እውነተኛ ውሰት የሚባለውም ይህ ብቻ ነው። ገደቡ ግን ይታወቅ። ለዚህ ዕድሜ ተጋላቢውና ኮርቻው አንድ ላይ ከክብደቱ 15 በመቶ ባይበልጡ ይመረጣል። ለ323 ኪሎው ፈረስ 48 ኪሎ ነው፤ አዋቂ ሰው አይወጣበትም ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት በእርምጃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ቅዳሜና እሁድ ሰልፍ ይዘው ለሚጋልቡ ጎብኚዎች ከሚያከራይ ቦታ ጋር ይህ አይጣጣምም። ከመስማማትዎ በፊት እሁድ ከሰዓት በኋላ ሄደው የፈረሶቹን ጀርባ ይዩ። ኮርቻ ሲወርድ ከሥሩ ነጭ ጠጉር በብዛት ካዩ ቁስል ድኖ ድኖ የበቀለበት ነው። ይመለሱ።

ከአሥር ዓመት በላይ የምጸጸትበትን አንድ ነገር ልንገርዎ። አንድ ደንበኛዬ የ19 ዓመት አምባላይ ፈረስ ነበረው። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የመዝናኛ ቦታ በነጻ ሊወስደው ፈለገ። ቦታውን የጠቆምኩት እኔ ነበርኩ። ሣሩንና አጥሩን አየሁ፣ ኃላፊው በጨዋ ደንብ አነጋገረኝ፣ በቃ ደህና ነው አልኩ። ወረቀት አልተጻፈም። በአምስተኛው ወር ደንበኛዬ መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ብሎኬት የጫነ ጋሪ ያያል። የሚጎትተው ፈረሱ ነው። በግንባሩ ላይ ባለው ጠባሳ ለየው። ወርዶ ሲጠይቅ የመዝናኛው ቦታ ለዘበኛው ሰጥቶት፣ ዘበኛው ለዘመዱ ሰጥቶት፣ ዘመዱ ሸጦታል። ባለ ጋሪው በገንዘቡ የገዛ ሰው ነው፤ እሱም ተበድሏል። ፈረሱን ሳየው ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል ነበረው፤ ስጠራው ጆሮውን አላነሳም። መልሰን ገዛነው፤ ክረምቱን አላለፈም። አጥርና ሣር አየሁ እንጂ ሰውን አልመረመርኩም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚለውን ስናድግ ሰምተናል፤ ያን ጊዜ ግን አደራ መሆኑን እንኳ ለማንም አልነገርንም ነበር። «ውሰደው» ነው ያልነው።

ከዚያ ወዲህ ቦታ ሳይ የምጠይቀው መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከዚህ በፊት የነበረህ ፈረስ መጨረሻው ምን ሆነ?» ፈረስ ኖሮት የማያውቅ ሰው ይህን መመለስ አይችልም፣ ስለዚህ ይቀራል። «ሸጥኩት» የሚል ሰው የእርስዎንም ለመሸጥ አይቸገርም። «እዚሁ ሞተ፣ እዚያ ነው የቀበርነው» ብሎ በእጁ የሚያሳይ ሰው ካገኙ ቁጭ ብለው ቡናውን ይጠጡ። ቀጥሎ የአህያውን ጀርባ ይዩ። በግቢው ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ክብር ያለው እንስሳ እሱ ነው፤ አህያው ካልቆሰለ ፈረስዎ አይቆስልም። የውኃ ባልዲውንም ይዩ። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ይጠጣል፤ ውኃ በጀሪካን ከሩቅ የሚቀዳበት ቤት ይህን መጠን ለእንግዳ ፈረስ አይቆጥብም ማለት ይቸግራል።

በእኔ ግምት ለእርስዎ የሚስማማው ደጋው ላይ ያለ አነስተኛ የወተት ከብት አርቢ ነው። ድርቆሽ ያከማቻል፣ ውኃ አለው፣ የሌሊት ጥበቃና ዝግ ጋጣ አለው፣ ጠዋትና ማታ እንስሳ ጋ መነሳት ልማዱ ነው። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አንዳንድ የተዘጋጀ የዶሮና የከብት መኖ ውስጥ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ይጨመራል። ለዶሮና ለላም ይጠቅማል፤ ለፈረስ በትንሽ መጠን የልብ ጡንቻውን ያቃጥልና ይገድላል። ሰውዬው በደግነት «ይኼ ያወፍረዋል» ብሎ ቢሰጠው ፈረስዎ ሊሞት ይችላል። ይህን በቃልም በጽሑፍም ይንገሩት፤ ለሚስቱም፣ ለልጆቹም፣ ለእረኛውም።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎ። ፈረሱን በነጻ አያውሱ። ባለቤትነቱን ይያዙ፣ በየወሩ ይክፈሉ፣ በጽሑፍ በአደራ ያስቀምጡ። ድርቆሹን እርስዎ ይግዙ፤ ለሰውዬው የሚከፍሉት ለድካሙ ብቻ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ከፈረስዎ አፍ ቀንሶ የሚያተርፈው ነገር አይኖርም። ድርቆሽ የሚረክሰው ልክ ሲታጨድ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከ22ቱ ኩንታል የቻሉትን ያህል ያን ጊዜ ገዝተው ያስገቡ፤ ግንቦትና ሰኔ ዋጋው ሌላ ነው።

ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። ፈረሱ የማን እንደሆነ፣ መልኩና ምልክቱ ከነፎቶው ይጻፍ። መሸጥ፣ ለሌላ መስጠት፣ ጋሪ ላይ ማሰር፣ መጫን ክልክል መሆኑ ይጻፍ። ሲታመም ማን እንደሚደወልለት፣ እርስዎ ባይገኙ ሐኪሙ እስከ ስንት ብር ድረስ ሳይጠይቅ እንደሚያክም ይጻፍ። ፈረሱ ሰው ቢረግጥ ወይም ማሳ ቢያበላሽስ? እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት በሕጋችን መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ «እኔ ጋ አልነበረም» ብሎ ዝም ብሎ መውጣት የለም። ስለዚህ አጥሩን ማን እንደሚያድስም ይስማሙ። ሁለት ምስክር፣ ከተቻለ አንዱ በሰፈሩ የሚከበር ሽማግሌ፤ እንደ እኔ ከማኅተሙ ይልቅ እሱ ይጠቅማል። ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙከራ ይሁን፤ ሁለታችሁም ያለ ቅሬታ መተው ትችላላችሁ።

ጊዜው መስከረም መሆኑ ጥሩ ነው፤ ሁለት ወር አለዎት። በዚህ ሳምንት የፈረስ ጥርስ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ከአዲስ አበባ ካጡ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋ ይጠይቁ። በዚያው ቀን የትል መድኃኒት ይውሰድ፣ ሰኮናው ይስተካከል፤ ሰኮና በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መታየት አለበት። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ካልወሰደ አሁኑኑ ይውሰድ። ይህ በሽታ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ነው፤ ክረምት ወጥቶ ውኃ ሲያቁር ይበረታል፤ የያዘውን ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ክትባቱ የሚመረተው እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት በሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም ነው። እስኪሠራ ሦስት አራት ሳምንት ስለሚፈልግ ከተከተበ በኋላ በማግስቱ ወደ አዲሱ ቦታ አይወሰድ። ምሽትና ንጋት ላይ ጋጣ ውስጥ ይሁን። የእብድ ውሻ ክትባትም አይርሱ።

ጥቅምትን ሦስት ቦታ ለማየት ይጠቀሙበት። እያንዳንዱን ሁለቴ ይዩ፤ አንዴ ተቀጣጥረው፣ አንዴ ሳይነግሩ።

ሊሰሙት የማይፈልጉትንም ልጨምር። ክፍያውን መቀጠል ካልቻሉ፣ ወይም ጥርሱ ተስተካክሎ፣ መኖው ተነክሮ፣ ትሉ ታክሞ አሁንም የሚከሳ ከሆነ፣ ወይም ተኝቶ በራሱ መነሳት ካቃተው፣ በሐኪም እጅ ያለ ሕመም እንዲያርፍ ማድረግ ከማዋስ ይሻላል። ለሕዝባችን ይህ ከባድ ነው፤ «ነፍስ ማጥፋት» ይሉታል፣ እኔም ባደረግሁት ቁጥር ይከብደኛል። ግን አስፋልት ዳር ቆሞ ሌሊቱን ጅብ የሚጠብቅ ፈረስ አይቻለሁ። መጀመሪያ በማደንዘዣ ያንቀላፋል፣ ከዚያ ሁለተኛው መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከተኛ በኋላ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚቀበርበትን ቦታ ግን ቀድመው ያዘጋጁ። መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ስለሚቀር የበላው ውሻም ጅብም አሞራም ሊሞት ይችላል። ጥልቅ ጉድጓድ ያስፈልገዋል፤ መሀል ከተማ ይህን ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ውሳኔውን ወደ ደጋው ከወሰዱት በኋላ መወሰን ይቀላል።

ሲወስዱት ብቻውን የሚታሰርበት ቦታ አይሁን። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ሌላ ፈረስ፣ በቅሎ፣ ቢያንስ አህያ ከጎኑ ይኑር። እዚህ ሲበላው የነበረውን መኖ የሁለት ሳምንት ያህል ይዘውለት ይሂዱ፤ አዲሱ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ እያለ ይቀላቀልበት። ሲባጎውንም ከነቋጠሮው ይውሰዱትና ጋጣው በር ላይ ይስቀሉት። በየወሩ በሄዱ ቁጥር ሰውዬው ባለበት ደረቱን ይለኩ። ቋጠሮው 160 ላይ ከነበረና 155 ላይ ከገጠመ ፈረሱ ወደ 20 ኪሎ ቀንሷል። ያን ቀን ማንንም ሳይወቅሱ ግርግሙ ሥር ጎንበስ ብለው መሬቱን ይዩ፤ የተጠቀለለ ድርቆሽ ካገኙ እዚያው ሆነው ሐኪሙ ጋ ይደውሉ።